ሁለት ወረቀትና አሥራ አንድ ወረቀት፦ የሒሳብ መምህር በወሎ እንዴት ፕሮፌሰር ይሆናል?

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማህደር ተቀምጧል። አንደኛው ወፍራም ነው፤ አሥራ አንድ የታተመ ጥናት ይዟል። ሁለተኛው ሳሳ ያለ ነው፤ ሁለት ጥናት ብቻ። ባለማህደሮቹ ሁለቱም ረዳት ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው የተመለሱት በአንድ ዓመት ነው፤ ሁለቱም ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን አመልክተዋል። ባለ አሥራ አንዱ የኬሚስትሪ መምህር ነው፣ ባለ ሁለቱ የሒሳብ። እኔ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ የትም ሊሆን የሚችል ነገር ስለሆነ።

አንድ ባልደረባችን ሳሳ ያለውን ማህደር አነሣና «ለመሆኑ ይሄ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ከረመ?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ የምር ገርሞት ነው። እኔ ራሴ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ሰዓቱ ሄዷል፣ ሌላ አጀንዳ ይጠብቃል፤ ዝም አልኩ። ማመልከቻው «ተጨማሪ ሥራ ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰ። ያቺ ዝምታ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ያኔ ያልመለስኩትን አሁን ልመልስ።

የዩኒቨርሲቲ መምህር መሰላል ከታች ሲያዩት ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪው ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ይቀጠራል፤ ቱቶሪያል ይሰጣል፣ ፈተና ያርማል። ሁለተኛ ዲግሪ ሲይዝ ሌክቸረር ይባላል፣ ሦስተኛውን ሲጨርስ ረዳት ፕሮፌሰር። እስከዚህ ድረስ የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ነው፤ ያመጣ ያልፋል። ከዚያ በላይ ያሉት ሁለት እርከኖች፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ፕሮፌሰርነት፣ ሌላ ዓይነት ናቸው። በእርከኑ ላይ የተወሰነ ዓመት ማገልገል፣ በተማሪና በባልደረባ መገምገም፣ የማህበረሰብ አገልግሎት ማሳየት፣ ከሁሉም በላይ በታወቀ ጆርናል ማሳተም ይጠየቃል። ጉዳዩ ከትምህርት ክፍል ተነሥቶ በኮሌጅ በኩል ሴኔት ይደርሳል፤ የሙሉ ፕሮፌሰርነትን ማዕረግ የሚያጸድቀው የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ሚዛኑ ለሁሉም እኩል ነው። ችግሩም ያለው እኩልነቱ ላይ ነው፤ ጤፍና ማር በአንድ ቁና ይሰፈራሉ።

ሰባት ዓመት ምን ሲሠራ ከረመ?

የኬሚስትሪ መምህሩ ከቦርከና ወንዝ ውሃ ይቀዳል፣ ቤተ ሙከራ ያስገባል፣ ይለካል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በታች ያለው ውሃ ብረታ ብረት ቢገኝበትም ባይገኝበትም ጥናት ነው፤ ሁለቱም ለአንባቢ የሚነግሩት ነገር አላቸው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ቦርከናን የሚጠጡ ከብቶችና የሚያለሙ ገበሬዎች ስላሉ አስፈላጊም ነው። የሒሳብ ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። አንድ ነገር እውነት ይመስለዋል፤ ማረጋገጫውን እስከ መጨረሻዋ መስመር እስኪያደርስ ድረስ ግን በእጁ ምንም የለም። ዘጠና ዘጠኙን ደረጃ ወጥቶ አንዷ ካቃተችው ወረቀት የለውም። «አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል» የሚባል ቲዮረም፣ ማለትም በማረጋገጫ የጸና የሒሳብ እውነት፣ የለም።

ባለ ሳሳው ማህደር ወዳጄ ነው። ከስብሰባው በኋላ ደሴ ጦሳ ሥር ያለው ቤቱ ሄጄ ደብተሮቹን አሳየኝ። ባለ መቶ ገጽ ደብተሮች ናቸው፣ እንደ ተማሪ ተቆጥረው መደርደሪያ ላይ ቆመዋል፤ አሥራ አራት ናቸው። ዘጠነኛውን ሲከፍተው አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ በላዩ «ሌማ 3 ውሸት ነው!» ይላል። ሌማ ወደ ትልቁ ቲዮረም የሚያሻግር ትንሽ ቲዮረም ነው። አሥራ አራት ወር የደከመበት ነገር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት በሦስት የሆነች ማትሪክስ (በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ሰንጠረዥ) ጻፈ፣ አባዛ፣ ሌማዋ ፈረሰች። ዘጠኝ ቁጥር የአሥራ አራት ወር ሥራ አፈረሰ። እሱ ግን ሲያሳየኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «እያት፣ እንዴት እንደምታምር» አለኝ። ያቺን ማትሪክስ ለማግኘት የሄደበት መንገድ ከብዙ የታተመ ጥናት ይበልጥ ሒሳብ ነው። ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ ዋጋዋ ዜሮ ነው።

ይህ የእሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። ዪታንግ ዣንግ የሚባል ቻይና የተወለደ የሒሳብ ሊቅ አሜሪካ ውስጥ በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት በሌክቸረርነት ሲያስተምር ቆይቷል። የታተመ ሥራው በጣት የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013፣ ስድሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን ያነሰ የብቸኛ ቁጥሮች ጥንዶች ማለቂያ የሌላቸው መሆናቸውን አረጋገጠ። ማንም ያልደፈረውን በር የከፈተ ሥራ ነው። በዓመቱ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። አንድሩ ዋይልስ የፌርማን የመጨረሻ ቲዮረም ለማረጋገጥ ከጥቂት ሰው በቀር ለማንም ሳይናገር ለ7 ዓመት ያህል ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ሲያደርገው ስህተት ተገኘበት፣ ሌላ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት፣ በ1995 ታተመ። ሩሲያዊው ግሪጎሪ ፔሬልማን ደግሞ የፓንካሬን ግምት ያረጋገጠበትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 አርካይቭ በሚባለው ነጻ ማኅደር ላይ አኖረው እንጂ ወደ ጆርናል አልላከውም። እኛ ባለን ቅጽ ላይ «የጆርናሉ ስም» የሚለው ሳጥን ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ነጥብ የለም።

ወዳጄ ዋይልስ ነው እያልኩ አይደለም። የምለው፣ የትልቁም የትንሹም ሒሳብ የሥራ ጠባይ አንድ ነው። ዘር ተዘርቶ መቼ እንደሚበቅል ገበሬውም አያውቅም።

ተጽፎ ካለቀ በኋላም መከራው አያልቅም። ገምጋሚው መስመር በመስመር ተከትሎ ማረጋገጥ ስላለበት አንድ የሒሳብ ጽሑፍ ጆርናል ዘንድ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴ ሁለት ዓመት መቆየቱ የተለመደ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ የሚመልስ ጆርናል ደግ ጆርናል ነው። ዕድገት ለመጠየቅ የአራት ዓመት ዕቅድ ያወጣ መምህር ግማሹን በመጠበቅ ሊያሳልፈው ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የስም ቅደም ተከተል ነገር ነው። በኬሚስትሪና በሕክምና መጀመሪያ የተጻፈው ሰው ዋናው ሠራተኛ ነው፤ የዕድገት መመሪያዎችም በአብዛኛው ለመጀመሪያው ስም ከፍ ያለ፣ ለሦስተኛና ለአራተኛው ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጣሉ። በሒሳብ ግን በዓለም ዙሪያ ያለው ልማድ ጸሐፊዎችን በመጨረሻ ስማቸው፣ እኛ ዘንድ በአባት ስም፣ በላቲን ፊደል ተራ መደርደር ነው። ማን ምን ያህል ሠራ አይባልም፤ ሐሳቡን ያመጣውና ቀዳዳውን የደፈነው እኩል ናቸው። የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ ልማድ ለዩኒቨርሲቲ አስተዳደሮች የሚያስረዳ መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሷል። እንግዲህ የአባታቸው ስም ዘውዱ፣ ያሲን፣ ዮሐንስ የሆነ የወሎ ልጆችን አስቡ። ከአበበና ከበላይ ልጆች ጋር ሲጽፉ ዕድሜ ልካቸውን መጨረሻ ናቸው። በአባታቸው ስም ምክንያት ማዕረግ የሚዘገይባቸው ሰዎች አሉ ብል ማጋነን አይደለም፤ ነጥቡን ቁጭ ብዬ ደምሬ አይቼዋለሁ።

ጥቅስ የሚሉት መለኪያም፣ ማለትም አንድ ሥራ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ መቁጠር፣ ለሒሳብ አይመችም። የሒሳብ ሥራ ዘግይቶ ይነበባል፣ በጥቂት ሰው ይጠቀሳል፣ ግን ለረጅም ዘመን ይኖራል። ጥቂት ሰው ስለሚጠቅሰው ደግሞ ቁጥሩን ማዛባት ቀላል ነው፤ አንድ ቡድን እርስ በርሱ ቢጠቃቀስ ወዲያው ከዓለም አንደኛ ይሆናል። ክላሪቬት የሚባለው ድርጅት በየዓመቱ «ብዙ የተጠቀሱ ተመራማሪዎች» የሚል ዝርዝር ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሒሳብን ከዝርዝሩ እንዳለ አወጣው። ቁጥሩን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ በሒሳብ ላይ አላምነውም ያለውን ቁጥር እኛ ለምን እንደምንተማመንበት አይገባኝም።

ጊዜው የት ይሄዳል?

የሒሳብ ምርምር ውድ ዕቃ አይፈልግም ይባላል። እውነት ነው። ጠመኔ፣ ደብተር፣ ኢንተርኔት፣ አንድ ሁለት የሚያዋይ ሰው። የሚያስፈልገው ትልቁ ነገር ያልተቆራረጠ ጊዜ ነው። ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ አንዲት ነገር ማሰብ። ወሎ ውስጥ የጠፋውም ይኸው ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ወልድያ በ2004 ዓ.ም.፣ መቅደላ አምባ ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ተከተሉ። እነ አራት ኪሎ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡበትን መንገድ እነዚህ ገና መጀመራቸው ነው። በተከፈቱበት ዘመን ከመቶው ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የሚለው ፖሊሲ ሥራ ላይ ነበር፤ ኢንጂነሪንግ የገባ ሁሉ ካልኩለስ ይፈልጋል። የሒሳብ ትምህርት ክፍል ከራሱ ተማሪዎች ይልቅ የሌላውን ተማሪ የሚያስተምር ክፍል ሆነ። የአንድ መምህር መደበኛ ሎድ (የማስተማር ድርሻ) በሳምንት 12 ሰዓት ነው ሲባል እንሰማለን፤ ከዚያ ማለፉ ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አራት ሴክሽን፣ በእያንዳንዱ ስድሳ ተማሪ፣ 240 የፈተና ወረቀት። ለአንዱ 6 ደቂቃ ቢሰጠው 24 ሰዓት ሙሉ። ያውም አንድ ፈተና ነው።

በዚህ ላይ የመሠረቱ ነገር መጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። እውነቱ መታወቁ ጥሩ ነው፤ እኔ ፈተናው መጥበቁን ከሚደግፉት ነኝ። ውጤቱ ግን ሪሜዲያል (ማለፊያ ላላመጡ ተማሪዎች የሚሰጥ ማካካሻ ትምህርት) ሆኖ ወደ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ሪሜዲያል ውስጥ ደግሞ ሒሳብ አለ። ሦስተኛ ዲግሪውን ፋንክሽናል አናሊሲስ በሚባለው ረቂቅ የሒሳብ ዘርፍ የሠራ ሰው ክፍልፋይ መደመርና የሎጋሪዝም ሕግ ሲያስተምር ይውላል። ይህን ሥራ አልንቅም። ክፍልፋይ የማያውቅ ልጅ ፊት ቆሞ በትዕግሥት ማስረዳት ከባድ ሙያ ነው፤ አንድ የሐብሩ ወይም የደላንታ ልጅ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሲገባው ማየት ደስታው ልዩ ነው። ግን ዕድገት ሲመጣ ለዚህ የሚቆጠረው ከሞላ ጎደል ምንም ነው፤ የወሰደው ጊዜ ግን ሙሉ ነው።

በሌላ በኩል ሒሳብን ወድዶና መርጦ የሚመጣ ተማሪ እያነሰ ሄዷል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሌለው መምህር የተማረውን የሚያስተምርበት ክፍል የለውም። እውቀት ደግሞ ካልተነገረ ይዝጋል።

ጦርነቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ወልድያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በየተራ ከእጅ እጅ ሲዘዋወሩ ግቢዎቹ ተዘረፉ፤ ኮምፒውተሩ ሄደ፣ ዕቃው ተሰበረ። ወዳጄ ከደሴ ሲወጣ ልብስ ትቶ ደብተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ አዲስ አበባ ገባ። ሌላ ባልደረባችን ግን «የተጻፈበት ደብተር ማን ይነካል» ብሎ ቢሮው ውስጥ ተወ። ሲመለስ መደርደሪያውም ደብተሩም አልነበሩም። አራት ዓመት ነበር። እንደገና ሊጽፈው ሞከረ፤ ግማሹን እንዴት እንዳደረገው ማስታወስ አልቻለም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ወደ ሌላ ግጭት ገባ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፣ መንገድ ይዘጋል ይከፈታል። ጆርናሉ «አስተያየቱን አስተካክለው በ30 ቀን ይመልሱ» ብሎ የላከውን ኢሜይል የከፈቱት ጊዜው ካለፈ በኋላ የሆነባቸው ሰዎች አውቃለሁ። በማህደሩ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም። የሚታየው «ሁለት» የሚል ቁጥር ነው።

አቋራጩ

ቁጥር ብቻ ሲጠየቅ ቁጥር የሚሸጥ ይመጣል። በየጠዋቱ «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል የማይደርሰው መምህር የለም፤ በሁለት ሳምንት እናትማለን፣ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ። ሌላው ሻል ብሎ ባለቀ ጽሑፍ ላይ የስም ቦታ ይሸጣል፤ መጀመሪያ ስም ይህን ያህል፣ ሁለተኛ ስም ይህን ያህል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የመምህሩ ደመወዝ ግን በብር ነው። ያም ሆኖ የሚከፍል አለ። ከልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ቀንሶ የሚከፍል አለ። ይህን የማወራው ለማሳፈር አይደለም። ማዕረጉ የደመወዝ፣ የቤት አበልና የክብር ጉዳይ ነው፤ ጎረቤትና ዘመድ «ገና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውን በቁጥር ጠምዝዞ ይዞ ንጹሕ ሁን ማለት ይከብዳል። የዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 በሒሳብ ኅትመት ውስጥ ስለተንሰራፋው ማጭበርበር በወጣው ጽሑፍ ሰዎችን በኅትመትና በጥቅስ ቁጥር መመዘን የበሽታው ሥር መሆኑን አመልክቷል።

ለወጣት መምህራን አንድ ነገር ልንገራቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም። ከጥንት ከታወቁት የሒሳብ ጆርናሎች አብዛኞቹ ከጸሐፊ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከአንባቢው ነው። ጸሐፊ የሚያስከፍሉት ትላልቅ አሳታሚዎችም ብዙዎቹ ኢትዮጵያን ከመሳሰሉ አገሮች ለሚጽፍ ሰው ክፍያውን ይተዉለታል፤ ሲላክ መጠየቅ ብቻ ነው። አርካይቭ ነጻ ነው። ዜድቢማት የሚባለው የሒሳብ ጽሑፎች ማውጫም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለሁሉም ተከፍቷል፤ አንድ ጆርናል የእውነት የሒሳብ ጆርናል መሆኑን ለማየት መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ጣሊያን ትሪየስት ውስጥ የመሠረተው አይሲቲፒ (ICTP) የሚባል ማዕከል ደግሞ ከእንደኛ ዓይነት አገር የመጡ ተመራማሪዎች አገራቸውን ሳይለቁ እየተመላለሱ እንዲሠሩ የሚያደርግ መርሐ ግብር አለው። ማመልከት ነው።

«ለወሎ ምን ይጠቅማል?»

በኮሚቴ ላይ ሌላ የሚነሣ ጥያቄ ይህ ነው። የሒሳብ መምህሩ የማህበረሰብ አገልግሎት ሳጥኑን ምን ብሎ ይሙላ? ከቦርከና ውሃ ቀዳሁ አይል፣ ችግኝ ዘር አሻሻልኩ አይል።

እኔ ግን ወሎ ላይ ተቀምጦ ሒሳብ የሚሞላበት ነገር ያጣ ሰው አካባቢውን አላየም እላለሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነው፤ በወሎ አድባራት ዛሬም ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ቁጥር፣ የሚቆጥሩ መምህራን አሉ። የ2018 ዓ.ም.ን እንቁጠር። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518፣ ለ19 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 13 ይቀራል፤ አንድ ይቀነስና ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ተገድፎ አበቅቴው 12። በ19 ሲባዛ 228፣ ለ30 ተገድፎ መጥቅዑ 18። አሥራ ሁለትና አሥራ ስምንት ሠላሳ። የየትኛውንም ዓመት ቁጠሩ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ናቸው። የቆሎ ተማሪው ይህን በቃሉ ያውቀዋል። ለምን የሚለውን ወዳጄ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጎ ይሰጣል፤ 11 እና 19 ተደምረው ራሳቸው 30 ስለሆኑ፣ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን ድምሩ ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አንዱ ልጅ ከኋላ ወንበር «እንዴ! በቃ ይኸው ነው?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ከዚያች ቀን በኋላ የቀሪ ሒሳብ አይፈሩም።

ከዚያው ደሴ ከወጡ ደግሞ የታወቁት የእስልምና ትምህርት ቦታዎች የዳናና የገታ ሸኾች ደረሶቻቸውን (ተማሪዎቻቸውን) ፈራኢድ፣ የእስልምናን የውርስ ሕግ፣ ያስቀራሉ። አንዲት ሴት ባልና ሁለት እህቶች ትታ ሞተች እንበል። ለባል ግማሽ፣ ለእህቶች ሁለት ሦስተኛ። ከስድስት ሲወሰድ ሦስትና አራት፣ ድምሩ ሰባት፤ ርስቱ ከራሱ በለጠ። ፉቀሃው (የሕጉ ሊቃውንት) ዐውል ይሉታል፤ ታችኛውን ስድስት ወደ ሰባት ከፍ ያደርጉታል፣ ባል ከሰባት ሦስት፣ እህቶች ከሰባት አራት ይወስዳሉ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በእኩል መጠን ይቀንሳል። የአልጀብራ አባት የሚባለው አልኸዋሪዝሚ የመጽሐፉን ትልቅ ክፍል የሰጠው ለዚሁ ለውርስ ጉዳይ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ እምነቶች አብረው በሚበሉበት አገር ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ይኖራሉ። አንድ የሒሳብ መምህር ከአንድ የባሕረ ሐሳብ መምህርና ከአንድ የፈራኢድ ሸኽ ጋር ቁጭ ብሎ ለ9ኛ ክፍል መምህራን የማስተማሪያ ጽሑፍ ቢያዘጋጅ፣ ይህ ማህበረሰብ አገልግሎት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? የማውቀው እንዲህ ያለ ሙከራ ቅጹ ላይ «ሌሎች» የምትለዋ ሳጥን ውስጥ ገብቶ አንድ ነጥብ ሳያገኝ ቀርቷል።

ምን ቢደረግ?

መመሪያን እንዳለ ማፍረስ አያስፈልግም። ለላይኛው ማዕረግ ሥራውን ወደ ውጭ ገምጋሚ መላክ እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ለሒሳብ ቁም ነገሩ ገምጋሚው የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። «ስንት አሳተመ?» ሳይሆን «ከእነዚህ ውስጥ ምርጡን አንብበው፤ አዲስ ነገር አለበት? ከባድ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። አንድ ጥሩ ቲዮረም ሦስት መካከለኛ ጽሑፍ ይተካ። የስም ቅደም ተከተሉ ነገር ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈታል፤ በሒሳብ የተባባሪ ጸሐፊዎች ነጥብ እኩል ነው ብሎ መጻፍ። ገንዘብ አይፈጅም፣ የሴኔት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ሪሜዲያል ላይ የዋለ መምህር የዋለበት ይቆጠርለት፤ ወይም በሦስትና በአራት ዓመት አንድ ጊዜ አንድ ሴሚስተር ከሎድ ነጻ ይሁን። የቱ ይሻላል ቢሉኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ነጥብ ከሚሰጡት ጊዜ ይስጡት።

ሌላው ብቸኝነት ነው። ስለዚህ ማንም አያወራም። በአንድ ግቢ ውስጥ ስለ አንድ የሒሳብ ዘርፍ የሚያወራ ሰው አንድ ብቻ ነው፣ ሲበዛ ሁለት። ሴት መምህራን ደግሞ ጥቂት ስለሆኑ ብቸኝነታቸው እጥፍ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ናቸው፤ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት በወር አንድ ቅዳሜ የሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሒሳብ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰባስበው አንዱ ቢናገር ሌላው ቢሞግት፣ ብዙ የቀይ እስክሪብቶ ገጽ በአሥራ አራት ወር ፈንታ በአንድ ከሰዓት ይገኝ ነበር። ሒሳብ ብቻውን የሚሠራ ይመስላል እንጂ የሚሰማው ሰው ይፈልጋል።

ባለፈው ወር ወዳጄ ቤት ሄጄ ነበር። እናቱ ከወሎ ቦረና ለሕክምና መጥተው እሱ ዘንድ አርፈዋል። ቡና እየቀዱ «ልጄን መቼ ነው ፕሮፌሰር የምታደርጉት?» አሉኝ፤ ኮሚቴ ላይ እንደነበርኩ አያውቁም። አንገቴን ደፋሁ። እሱ ቀድሞኝ «እማ፣ ገና ነው» አላቸው። «አብሽር» አሉት፣ በረካውን እያስቀመጡ።

ሦስተኛው ጽሑፉ ጆርናል ዘንድ ከገባ አሥራ ስድስት ወር ሆኖታል። እሱ ግን ስለዚያ አላወራኝም። አሥራ አምስተኛውን ደብተር አወጣ። ሌማ 3 አንድ ቅድመ ሁኔታ ቢጨመርባት ያቺ ማትሪክስ እንደማትነካት አግኝቷል። ሁለት ገጽ ማረጋገጫ በእጅ ገልብጦ ሰጠኝና «ስህተት ፈልግልኝ» አለኝ። ገጾቹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሁለተኛው ገጽ ሰባተኛ መስመር ላይ ነኝ፤ ከስድስተኛው እንዴት እንደተሻገረ ገና አልገባኝም፣ ነገ ልጠይቀው እሄዳለሁ።